የስለቱን በግ ያልበላች ጎረቤት

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።

ይድረስ ለምወድሽ ለታናሽ እህቴ ለሙርሺዳ፤ እንደምን ከርመሻል የኔ ዓለም? ክረምቱ እንዴት ይዟችኋል? ቦርከና እንደ ልማዱ ሞልቶ እያስፈራራችሁ ነው ወይስ ዘንድሮ ራርቶላችኋል? የእናታችን ጉልበት ብርዱን ቻለው? የራጃ አባት ወገቡን ተሻለው? ራጃስ? ስመጣ የማላውቃት ኮረዳ ሆና ልትጠብቀኝ ነው አይደል? እናንተ ደህና ከሆናችሁ እኛ ደህና ነን። ከሁሉም አስበልጬ የምጠይቅሽ ግን ሌላ ነው፤ ሆድሽ እንዴት ነው? ይኼን ለወግ ያህል አልጠየቅኩሽም። ደብዳቤው ከላይ እስከ ታች የሚያወራው ስለ እሱ ነውና በሩን ዝጊና ተደላድለሽ ተቀመጪ። ራጃ «ምን ይላል?» ካለችሽ «ስለ ጨርቅ ነው» በያት።

እኔ እህትሽ ኩለሱም ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። ደህና ነኝ ስልሽ ያ በስልክ ሁላችንም የምንባባለው «ደህና» አይደለም፣ የምሬን ነው። ባለፈው ሳምንት ሐኪሜ ያንን ረጅም ካሜራ አስገብታ ትልቁን አንጀቴን ስታየው ቁስሉ ሽሯል። «በሽታው ተኝቷል፤ እንዳትቀሰቅሺው» አለችኝ። ደስታዬን በምን ልንገርሽ! ከሐኪም ቤቱ ስንወጣ ናይሮቢ እንደ ነሐሴ አመሏ ጨፍግጋለች፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እኔ ግን ሹራቤን አውልቄ በእግሬ መሄድ አማረኝ። ሱፍዋን ሹራቡን ይዞ «አንቺ ሴትዮ፣ በሆድሽ ስትድኚ በሳንባሽ ልትታመሚ ነው?» እያለ ከኋላዬ ይሮጣል። ባሌን ታውቂው የለ፣ ደስታውም በቁጣ ነው የሚወጣው። ከዚያ በፊት ደግሞ የአጎቱን ልጅ ሠርግ ብለን ሞምባሳ ድረስ በባቡር ሄደን ነበር። አስቢው እስቲ፤ ድሮ ማታቱ፣ የዚህን አገር ታክሲ፣ ከመሳፈሬ በፊት በመንገዱ ላይ የት የት ሽንት ቤት እንዳለ የማጠና ሰው፣ መስኮት ዳር ተቀምጬ ዝሆን ሳይ ዋልኩ። ሱፍዋን ተኝቶ አመለጠው። እኔ ግን ሁሉንም አየሁ።

«ታዲያ ይኼን በስልክ አትነግሪኝም ነበር?» ትይኝ ይሆናል። ስልክማ ደወልኩ እንጂ! የላክሽልኝን ድምፅ እንደሰማሁ ነው የደወልኩት። «ኩልዬ፣ የምሥራች! ተቅማጡ ቆመልኝ፤ ሆዴ እንደ ድንጋይ ረግቷል፤ መድኃኒቱን ትቼዋለሁ፤ መስከረም ሲጠባ የተሳልኩትን በግ አርዳለሁ» ነበር ያልሽው። ደውዬ «ሙርሼ፣ ሽንት ቤት ከወጣሽ ስንት ጊዜሽ ነው?» ስልሽ «ኔትወርኩ ይቆራረጣል» ብለሽ ዘጋሽው። ያንን ኔትወርክ እኔ አውቀዋለሁ። እናታችን በአንድ ወገን፣ አማትሽ በሌላ ወገን፣ «ላውድ ላይ አድርጊው፣ እኛም ድምጿን እንስማ» የሚሉት ኔትወርክ ነው። በዚያ መሃል ተቀምጦ ስለ ሰገራ የሚያወራ ሰው አልተወለደም። ስለዚህ ከሊፋ፣ ያ እዚህ ኢስሊ ገበያ ጨርቅ የሚነግደው የሐይቅ ልጅ፣ ነገ በሞያሌ በኩል ስለሚገባ ደብዳቤውን እጅ በእጅ እንዲሰጥሽ አደራ ብዬዋለሁ። እሱ ምን እንደተጻፈ አያውቅም፤ አትሽኮርመሚ።

እንግዲህ ያስደነገጠኝ ያ «እንደ ድንጋይ» ያልሽው ቃል ነው። ያ ድንጋይ እኔም ሆድ ውስጥ ነበር። የስለቴን ድግስ ፎቶ ልኬልሽ «ታድለሽ፣ እኔም እንዳንቺ ባደረገኝ» ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? ምናልባት አንቺም የተሳልሽው ያንን አይተሽ ይሆናል። ከፎቶው ጀርባ የነበረውን ግን አልነገርኩሽም፤ አሁን ልንገርሽ፤ ሳቂብኝ፣ ግን አንብቢው።

ይኼ የትልቁ አንጀት ቁስለት እኔን ካንቺ ቀድሞ እንደያዘኝ ታውቂያለሽ። ያኔ ሲነሳብኝ ቀኑን ሙሉ ሩጫ ነበር፤ ቁርጠት፣ ደም፣ ከሠርግ መቅረት፣ ከለቅሶ መቅረት። ሲብስብኝ እጄን ዘርግቼ «ያ ረቢ፣ ይኼን ተቅማጥ አቁምልኝና በግ አርጄ ሰው አበላለሁ» ብዬ ተሳልኩ። መድኃኒቱን እየዋጥኩ ሰነበትኩ፣ አንድ ሰሞን ተቅማጡ ቀጥ አለ። ቀጥ! «በቃ ዳንኩ» አልኩ። ሱፍዋን በግ ገዛ፤ ሠፈራችን ሳውዝ ሲ ያለው የአገራችን ሰው በሙሉ ተጠራ፤ ሼህ ኑሬ ከኢስሊ ድረስ መጥተው ዱዓ አደረጉ። ተበላ፣ ተመረቅኩ። «ዳግመኛ አያሳይሽ!» ይላሉ፣ «አሚን!» እላለሁ። አሚን እያልኩ ግን ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር፤ ከስለቴ በግ አንድ ጉርሻ እንኳ አልወረደልኝም። ፎቶው ላይ እጄን ሆዴ ላይ አድርጌ የተነሳሁት ለውበት መስሎሽ ይሆናል።

ጉዱ የመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሰው ስለትሽን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ መርቆሽ ከሄደ በኋላ በምን አፍሽ «አሞኛል» ትያለሽ? በጉ አይመለስ፣ ምርቃቱ አይመለስ! አላህ የሰጠኝን መካድ መሰለኝና ፈራሁ። ሰው ሲጠይቀኝ «ተሻለኝ»፣ ሱፍዋን ሲጠይቀኝ «ተሻለኝ»፤ ለራሴም «ተሻለኝ» ብዬ የቁስሉን ክኒኖች ቁም ሳጥን ውስጥ ከልብስ ሥር ከተትኳቸው። ስለቱ ከደረሰ መድኃኒት መዋጥ አለማመን ነው ብዬ። ሽንት ቤት ገብቼ እቀመጣለሁ፣ አምጣለሁ፣ ምንም የለም። አልፎ አልፎ ደም የነካው ንፍጥ የመሰለ ነገር ጠብ ይላል፣ ይኸው ነው። ተነስቼ ስወጣ ደግሞ ያልጨረስኩ ይመስለኝና እመለሳለሁ። ሐሊና፣ እዚህ አድጋ ቋንቋዋ ሦስት ቦታ የተከፈለው ልጄ፣ በሩን እየደበደበች «ማሚ፣ ኣር ዩ ኦኬ? ፍራሽ ላምጣልሽ እንዴ?» ትለኛለች።

መፍትሔ ያገኘሁ መስሎኝ ኢስሊ ሄጄ ሆድ የሚያስቀምጠውን ሰነመኪ ገዛሁ። ሻጩ «ይኼ ተራራ ይንዳል» አለኝ። እኔም ተራራ ይናድልኝ ብዬ አፍልቼ ጠጣሁት። ሙርሼ፣ ያንን ቀን ለጠላቴም አልመኝለትም። ቁርጠቱ መሬት ላይ አንከባለለኝ፤ ተራራው አልተናደም፣ የወጣው ጥቂት፣ ደሙ ብዙ። ሱፍዋን ሥራ፣ ሐሊና ትምህርት ቤት፣ እኔ ሻወር ቤት ወለል ላይ።

ከኛ በላይ ያለው ፎቅ የሚኖሩ አንዲት ኤርትራዊት አሉ፤ እትዬ ለተንኪኤል ይባላሉ፣ አስመራ ተወልደው በወጣትነታቸው አዲስ አበባ የኖሩ፣ አማርኛቸው ከኔ የሚጠራ፣ ምላሳቸው ምላጭ። ድምፄን ሰምተው ወርደው በሩን ያንኳኳሉ። «ደህና ነኝ እትዬ!» እላለሁ። «ደህና ሰው እንዲህ አያቃስትም፣ ክፈቺ!» ይላሉ። ከፈትኩ። ላብ በላብ ሆኜ ሲያዩኝ «ምንድን ነው ይኼ?» አሉኝ። «ምንም፤ ድኛለሁ እኮ፣ ስለቴን አግብቼ የለም?» አልኳቸው። እትዬ ለተንኪኤል ኦርቶዶክስ ናቸው፣ የኛን ዕርድ አይበሉም፤ እኛም የነሱን እንደማንበላው፤ ወሎ ላደገ ሰው ይኼ አይነገርም። በድግሱ ቀን ሰላጣና ሶዳቸውን ይዘው ጥግ ተቀምጠው ሲቀልዱ ነበር የዋሉት። ታዲያ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? «ያንን በግ የበሉት ሌሎቹ ናቸው። እኔ ሰላጣ ነው የበላሁት፤ እኔን ምን ትፈሪኛለሽ? ለእኔ ንገሪኝ።»

ሙርሼ፣ ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። እውነታቸውን ነበር! ከዚያ ሁሉ ሰው መሃል የማላፍራቸው እሳቸው ብቻ ነበሩ። ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። ሰምተው ሲያበቁ አልመከሩኝም፣ አላዘኑልኝም፤ «ጫማሽን አድርጊ» ብቻ አሉኝ።

ሐሊናን ከትምህርት ቤት ጠርተን ሐኪም ቤት ገባን። ሐኪሟ ኬንያዊት ናት፣ ወጣት፣ ሳቂታ። እኔ በእንግሊዝኛ መግባባት አያቅተኝም፤ ግን ሆድ ሲያም ቋንቋም ይጠፋል፣ ሐሊና ታስተርጉምልኝ አልኩ። ልጅት ቀላች። «ማሚ... ሺ ሴይስ... ያ ነገር... ያ ነገር ጠንካራ ነው ወይ ነው የምትልሽ...» ትላለች። እትዬ ለተንኪኤል ከኋላ ሆነው «ሰገራ በያት ልጄ፣ ሰገራ! ንጉሥም አለው!» ሲሉ ሐኪሟ ሳይተረጎምላት ገብቷት ሳቀች። ከዚያ በኋላ እኔም ማፈሬን ተውኩት፤ እሱ ሳቅ ግማሹን በሽታ አወጣልኝ ብል አልዋሽም።

ሆዴን ተጫነችው፣ ደም አስመረመረች፣ ራጅም ተነሳሁ፤ አንጀቴ አንድ ቦታ ተዘግቶ ወይም አብጦ እንዳይሆን መጀመሪያ ያንን ማረጋገጥ አለብኝ አለች። አልተዘጋም። በአጭር ካሜራም ከታች በኩል አየችው። ከዚያ «ሳውዝ ሲ አይደል የምትኖሩት? ሞምባሳ ሮድን ታውቂዋለሽ» አለችኝ። እንዴት አላውቀውም! «ከታች አንድ ቦታ መኪና ሲጋጭ ከላይ ያለው መኪና ሁሉ ይቆማል አይደል? ከላይ ያሉት ምንም አልሆኑም፤ ግን አይንቀሳቀሱም። ያንቺም ቁስል አሁን የቀረው ከታች፣ መውጫው አጠገብ ነው። እዚያ ሲቆጣ ከላይ ያለው ሰገራ ይጓተታል፤ ሲጓተት አንጀት ውሃውን ይመጠዋል፣ ይደርቃል፣ ይደነድናል። ከታች ደምና ንፍጥ፣ ከላይ ድርቀት። ተቅማጥ መቆሙ ብቻውን መዳን አይደለም፤ በሽታው ቦታውን አጥብቦ ተቀምጦም ሊሆን ይችላል» አለችኝ። እኔ በሽታው የሄደ መስሎኝ ድግስ ደገስኩለት፤ እሱ ለካ ድግሱ ላይ ተቀምጧል!

ቀጥላ ደግሞ እንደ ፖሊስ መረመረችኝ። ምን ትበያለሽ? ነጭ ሩዝና ነጭ ዳቦ፤ ተቅማጥ የነበረብኝ ጊዜ ለምጄ ጎመኑንም ፍራፍሬውንም ትቼዋለሁ። ውሃስ? ሽንት ቤት እንዳልሮጥ ብዬ ከንፈሬን አርሳለሁ እንጂ አልጠጣም። ትንቀሳቀሻለሽ? ከሶፋ ወደ አልጋ። ሌላ የምትውጪው ክኒን? እዚህ ላይ ቦርሳዬን ከፈትኩ፤ መድኃኒት ቤቱ የሸጠልኝ ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ወጣ፤ «ለጥንቃቄ» ብዬ ሆዴ ደርቆም እውጠው ነበር። ብዙ ደም ስለፈሰሰኝ የታዘዘልኝ አይረንም ወጣ፤ እሱም ለካ ያደርቃል። ሐኪሟ ሁሉንም ጠረጴዛው ላይ ደርድራ አየችና «ማማ፣ ታዲያ ይኼ ምስኪን ሰገራ በየት በኩል ይውጣ?» አለችኝ። እትዬ ለተንኪኤል «በስለት!» አሉ። አይ እሳቸው!

የቁስሉን ክኒን አስጀመረችኝ፣ «ባይሰማሽም ትውጪዋለሽ» ብላ አስጠንቅቃ። በዚያ ላይ ማታ ማታ ከታች የሚገባ መድኃኒት ጨመረችልኝ፤ ቁስሉ ያለው እዚያው ስለሆነ እዚያው ድረስ መሄድ አለበት ብላ። ሰማሽ ሙርሼ፣ አንቺም ቢታዘዝልሽ አትሽኮርመሚ፤ እኔ መጀመሪያ ቀን አልሐምዱሊላህ ማንም አላየኝ ብዬ መብራት አጥፍቼ ነው ያደረግኩት፣ አሁን ጥርሴን እንደመቦረሽ ነው። ሰገራውን የሚያለሰልስ በውሃ የሚበጠበጥ ዱቄትም ሰጠችኝ። ያንን ተቅማጥ ማቆሚያ አስቆመችኝ፣ አይረኑን በሌላ ለወጠችው፣ ሰነመኪውን ስነግራት ግን እጇን ራሷ ላይ ጫነች። «የቆሰለ አንጀት በአለንጋ አይነዳም» አለች። ቀስ በቀስ፣ ፖሌ ፖሌ፣ ነገሩ ተፈታ። ከዚያ በኋላ የመጣውን የደስታ ጧት አልተርክልሽም፤ ሐሊና ብቻ «ማሚ፣ ሽንት ቤት ውስጥ ትዘፍኛለሽ» ብላኛለች።

አንድ ነገር ግን ልቤ ውስጥ ቀርቶ ነበር፤ ስለቱ። መድኃኒት መጀመሬን የበሉት ሰዎች ቢሰሙ ምን ይላሉ? ሼህ ኑሬን ኢስሊ ድረስ ሄጄ «ያ ሼህ፣ አበላኋችሁ፣ እንደገና ታመምኩ፤ ክኒን እየዋጥኩ ነው፣ ስለቴን ካድኩ ወይ?» አልኳቸው። ጢማቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «በጉን የበላን እኛ፣ ክኒኑን የምትውጪ አንቺ፤ ምን ያጣላቸዋል? ተቅማጡ ይቁም ብለሽ ተሳልሽ፣ ቆመ፣ አበላሽን፣ ተጨረሰ። ስለ ድርቀት የተሳልሽው የለም፣ ለእሱ ሐኪም አለ። ደግሞ በሽታን ያወረደ ጌታ መድኃኒቱን ማን አወረደው ልትይ ነው?» አሉኝ። ልሰናበት ስል ደግሞ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «እኔም በዚያው በድርቀቱ ተልባ ወዳጄ ከሆነ ሰንብቷል» አሉኝ። እዩት እንግዲህ! ሰው ሁሉ የየራሱን ደብቆ አሚን ይላል።

አሁን እንዴት እንደምኖር ልንገርሽ፤ ከኔ የምትወስጂው ካለ ሐኪምሽን ጠይቀሽ ትወስጃለሽ። ውሃ ከእጄ አይለይም። ጧት ከሱብሂ በኋላ ነጋ ሲል እኔና እትዬ ለተንኪኤል ሠፈሩን እንዞራለን፤ እሳቸው ያወራሉ፣ አንጀቴ ይሄዳል። ቁርስ በልቼ ጥቂት እንደቆየሁ ሽንት ቤት እገባለሁ፤ ከምግብ በኋላ አንጀት ራሱ ይነሳል ብላኛለች፣ ሲጠራኝ «ቆይ» አልለውም፣ ካልጠራኝም እያማጥኩ አልሟገተውም። እዚህ ሽንት ቤቱ የወንበር ስለሆነ ከእግሬ ሥር የሐሊናን የልጅነት በርጩማ አስገባለሁ፣ ጉልበት ከፍ ሲል መንገዱ ይቀናል። እናንተ ጋ ቁጢጥ ነውና ይኼ አያስፈልግሽም፤ አየሽ፣ አንዳንዱን ሥልጣኔ ቀድማችሁናል። ጎመኑንም ዱባውንም ቁስሉ ሲተኛ በደንብ አብስዬ በጥቂት በጥቂቱ ጀመርኩት፤ ፓፓያ እዚህ ሞልቷል፣ አጃም እወዳለሁ። በሽታው ሲነሳ ግን ገለባና ፍሬ ያለበትን ሻካራ ነገር አሳንሳለሁ። ተልባ ደህና ነገር ነው፣ ግን በብዙ ውሃ፣ ተፈጭቶ፣ በትንሹ፣ ያውም ሆድ እንደዚያ ተወጥሮ ባለበት ሰዓት አይደለም። እናታችን አንድ ጆግ አቅርባ «ጠጪ» ብትልሽ «ኩለሱም ሐኪም ይየኝ ብላለች» በያት። እኔ ላይ ትቆጣ፣ እኔ ሩቅ ነኝ።

አሁን ቀልዱን ልተው። ሙርሺዳ፣ ይኼን ባነበብሽ ማግሥት ደሴ ወዳለው ሐኪምሽ ሂጂ። መድኃኒት ማቆምሽን ንገሪው፣ አትደብቂው። ሆድሽ ተነፍቶ ሕመሙ ከበረታ፣ ካስመለሰሽ፣ ካተኮሰሽ፣ ወይም ጋዝ እንኳ አልወጣ ካለሽ፣ ወይም ደሙ ከበዛ፣ ማግሥቱንም አትጠብቂ፤ ያኔውኑ የራጃ አባት ቀስቅሶ ይውሰድሽ፣ ሌሊትም ቢሆን። ሐኪሟ ይኼን ስትነግረኝ ፈገግታዋ ጠፍቶ ነበር፤ እኔም ስጽፍልሽ እንደዚያው ነኝ። የሚያስቀምጥ ሰነመኪም ሆነ የጎረቤት ቅጠል አትንኪ። የኔንም መድኃኒት እንዳለ አትገልብጪው፤ ያንቺ ቁስል የት ላይ እንዳለ የሚያውቀው ያየው ሰው ነው። ደግሞ አትፍሪ። እኔ ካንቺ የባሰውን መንገድ ሄጄ ዝሆን ለማየት በቅቻለሁ። ይተኛል ይኼ በሽታ፤ የሚፈልገው መድኃኒቱን ሳትቆርጪ ዝም ብለሽ እሹሩሩ ማለት ነው።

ስለ በጉ ያለሽ ነገር ይገባኛል። እናታችን ለሰፈሩ ተናግራለች፣ አማትሽ ለድግሱ እየተዘጋጁ ነው፣ አንቺ አሁን «አሞኛል» ብትይ የሰው ዓይን ይከብድሻል። በጉን አትከልክዪ፣ ስለት ነው፤ ግን ይቆይ። የቆየ በግ ይሰባል እንጂ አይበላሽም፣ የቆመ መድኃኒት ግን ይጎዳል። ምክንያት ካስፈለገሽ እኔን ምክንያት አድርጊ፤ «ኩለሱም ሳትመጣ አላርድም» በያቸው። ውሸትም አይሆንብሽ፤ ልመጣ ነው! አዎ፣ እኔ! በሞያሌ በኩል ያንን ሁሉ መንገድ በአውቶቡስ። ሐኪሜን አስፈቅጃለሁ፣ መድኃኒቴን ይዣለሁ፣ ሱፍዋንም እየተቆጣ ትኬት ሊቆርጥልኝ ነው። መስቀል ሲያልፍ ጠብቂኝ። ያኔ አብረን እናርዳለን፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከስለት በግ በደንብ እበላለሁ።

ምናልባት ደብዳቤው ሳይደርስሽ ቸኩለው አርደውት ከሆነም ግድ የለም፣ ሰው ይብላ፣ ይመርቅሽ። ብቻ የበሉትን ሁሉ ብታፍሪያቸው እኔን አትፈሪኝ። ያንቺን በግ አልበላሁም። ለእኔ ንገሪኝ።

እናታችንን ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ የላክሁላትን ሙቅ ካልሲ ሣጥን ውስጥ እንዳታኖረው፣ ታድርገው። አማትሽን ከክብር ጋር ሰላም በይልኝ፤ ስልኩን ላውድ ላይ ማድረጋቸውን ወድጄላቸዋለሁ፣ እንዲህ ያለውን ጨዋታ ሲሆን ግን ዞር ይበሉልን። ለራጃ አባት ሰላምታዬ ይድረሰው፤ ወገቡን ይጠብቅ፣ ደሴ ይዞሽ የሚሄደው እሱ ነውና። ራጃን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ሐሊና «ሃይ» በያት ብላኛለች፣ ትርጉሙን እሷው ታውቃለች። ሱፍዋን ሁላችሁንም ሰላም ብሏል። እትዬ ለተንኪኤልም፣ ሳያውቁሽ፣ «ጫማሽን አድርጊ በያት» ብለውኛል።

በጉንም ሰላም በሉልኝ። ሣር ጨምሩለት፤ ገና እንግዳ ይጠብቃል።

የምትናፍቅሽ እህትሽ
ኩለሱም

ሳውዝ ሲ፣ ናይሮቢ
ነሐሴ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.